ግልጽ ደብዳቤ፦ ቤተሰብ ከበሩ ላይ አይለያይ

ጅማ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእመቤታችን የንግደት ስፍራ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት

ክቡራን አባቶችና የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣

የእግዚአብሔር ሰላም ከእናንተ ጋር ይሁን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በጅማ ከተማ የምንኖርና በየዓመቱ ለፍልሰታ ከነልጆቻችንና ከነአረጋውያን ወላጆቻችን ወደ እናንተ የምንመጣ አሥራ አራት የካቶሊክ ቤተሰቦች ነን። የንግደት፣ ማለትም ተሳላሚ የሚጓዝበት፣ ስፍራው ቅርባችን ነው፤ ማለዳ ከቤቱ የወጣ ሰው ቅዳሴ ደርሶ፣ ተሳልሞ፣ ሳይመሽበት ይመለሳል። ሩቅ አገር ሄዶ ለመሳለም አቅም ለሌለው ሰው ይህ ቅርበት ትልቅ ነገር ነው። የስፍራውን ስም በአደባባይ የማንጠራው ወደ ግቢው ስለ መግባት በቅርቡ ያወጣችሁት ውሳኔ እንዲታረም እንጂ የእመቤታችን ቤት ስም ከክርክር ጋር እንዲነሳ ስለማንፈልግ ነው። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግነው ደግሞ ውሳኔው እንደተለጠፈ አንድ ጊዜ፣ ከበዓሉ በኋላ ሌላ ጊዜ በጽሑፍ ጠይቀን ለሁለቱም መልስ ስላላገኘን ነው።

በሐምሌ መጨረሻ በታችኛው በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ አራት ነገር ይዟል። ማንኛውም ተሽከርካሪ ከታችኛው በር አያልፍም። ምግብ፣ መጠጥና መቀመጫ ይዞ ወደ ግቢው መግባት ክልክል ነው። ከሰባት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በቅዳሴ ሰዓት ከአንድ ወላጅ ጋር ውጭ በተተከለው ዳስ ይቆያሉ። የስለት ዕቃ መቀበል ቀርቷል፤ ስለት ያለበት ሰው በገንዘብ፣ በፖስታ አድርጎ ያስገባል። ከማስታወቂያው ግርጌ ማኅተም አለ፤ ምክንያት ግን አልተጻፈበትም።

አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ከተመረቀ ወዲህ ሕዝቡ ከዓመት ዓመት እየበዛ መምጣቱን በዓይናችን አይተናል። ብዛት ሥርዓት ይጠይቃል፤ ለሥርዓት መታዘዝም አይከብደንም። ቅሬታችን የወጣው ሥርዓት የከበደው መራመድ በማይችለው፣ በታመመው፣ ሕፃን ባዘለችውና ገንዘብ በሌለው ላይ ብቻ መሆኑ ነው።

ነሐሴ 16 ቀን በእኔ ቤተሰብ ላይ የደረሰውን ላስቀድም። እናቴ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው ቦንጋ አጠገብ ሲሆን እስከ ዛሬም የምትጸልየው በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነው። ስኳር አለባት፤ ጉልበቷም ከሁለት ዓመት ወዲህ እንደ ልብ አይታጠፍላትም። እናቴ፣ ባለቤቴ፣ ሦስቱ ልጆቻችንና እኔ ከሌሎች ሁለት ቤተሰቦች ጋር ሚኒባስ ተኮናትረን ሊነጋጋ ሲል ከከተማ ወጣን። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ነበር። ታችኛው በር ስንደርስ ዘበኛው ገመዱን አላነሳም። እናቴን በመስኮት ብናሳየው፣ "እማማን አውርዷቸው፣ ቀስ እያሉ ይወጣሉ" አለን። ከታችኛው በር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ያለው ዳገት ለጤነኛ ሰው የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። በነሐሴ ጭቃ፣ ጉልበቷ ለማይታጠፍ ሴት ግን የማይወጣ ተራራ ነው።

እኔ በአንድ ወገን፣ የጎረቤታችን ልጅ በሌላው ወገን ደግፈናት መውጣት ጀመርን። ትልቁ ልጄ በርጩማዋን ይዞ ከኋላ ይከተላል። በርጩማዋ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ናት፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች፣ አባቴ በሕይወት ሳለ ያሠራላት። መቀመጫዋ ከአገልግሎት ብዛት ለስልሶ ያብረቀርቃል፤ አንደኛው እግሯ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። እናቴ በየሃምሳ እርምጃው ትቀመጥባትና የመቁጠሪያዋን ፍሬ ሁለት ሦስቱን ታሳልፋለች፤ ከዚያ "እሺ" ብላ እጇን ትሰጠናለች። እንዲህ እያልን ሁለተኛው በር ደረስን። እዚያ ያለው አስተናባሪ መቀመጫ ክልክል ነው ብሎ በርጩማዋን ተቀበለን። ቀጥሎ የባለቤቴን ዘንቢል ከፈተ። ውስጡ ድፎ ዳቦ፣ አንድ ፔርሙስ ሻይ፣ የእናቴ መድኃኒትና ስኳሯ ቢወርድ ብለን የያዝነው ማር ነበር። መድኃኒቱን መለሰልን፤ ሌላው ከበርጩማዋ ጋር አጥሩ ሥር ተቀመጠ። ትንሿ ልጃችን አራት ዓመቷ ስለሆነ ባለቤቴ እሷን ይዛ ወደ ዳሱ ሄደች። እናቴ ከዚያ ወዲያ አንድ እርምጃ መሄድ አልቻለችም፤ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ እኔም አጠገቧ ቀረሁ። ስድስት ሆነን ከቤት ወጥተን ቅዳሴ ሲጀመር በሦስት ቦታ ተበታትነን ነበር፤ ወደ ውስጥ የገቡት ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ ብቻ ናቸው።

እናቴ ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ ሰማች። ወንጌል ከተነበበ በኋላ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ግንባሯን ላብ አጠመቀው። ስኳሯ እየወረደ ነበር። ዳቦውና ማሩ ከእኛ አሥር እርምጃ አይርቁም። አስተናባሪው ገና ልጅ ነው፣ ክፉም አይደለም፤ ስለምነው ፊቱን አዞረና "ማንም እንዳያይዎት" ብሎ ዘንቢሉን እንዳነሳ ተወኝ። ለታመመች እናቴ ቁራሽ ዳቦ በጀርባዬ ከልዬ እንደ ተሰረቀ ዕቃ አጎረስኋት። የቁርባን ሰዓት ሲደርስም ወደ በሩ የወጣ ካህን አልነበረም። እናቴ ሳትቆርብ፣ የእመቤታችንን ምስል ሳታይ ወደ ጅማ ተመለሰች።

ከእኛ የባሰ የገጠመውም አለ። ከአሥራ አራቱ ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ የአሥራ ስድስት ዓመት ወጣት ነው። በሩ ላይ አስተናባሪዎቹ ወንበሩ ተሽከርካሪ ነው ወይስ መቀመጫ እየተባባሉ ሲከራከሩ እሱ ዝናብ ላይ ቆይቷል፤ ሁለቱም ክልክል ናቸውና። በመጨረሻ አባቱ አዘለው፤ ወንበሩን ሁለት ሰዎች ከነጭቃው ተሸክመው አወጡለት። ደጃፉ ላይ ደግሞ ደረጃ እንጂ መወጣጫ የለም። በዚያው ማለዳ ገመዱ እየተነሳላቸው ወደ ላይ ያለፉ የእንግዶችና የኃላፊዎች መኪናዎች እኛ ቆመን በቆጠርነው ብቻ አሥራ አንድ ነበሩ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቅሬታችን መንገዱንና በሩን የሚመለከት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕገ ቀኖና በቁጥር 1230 የንግደት ስፍራን ሲተረጉም፣ ምእመናን በተለየ መንፈሳዊ ምክንያት ብዙ ሆነው የሚሳለሙት፣ የአካባቢው ጳጳስ የፈቀደው ቤተ ክርስቲያን ወይም ቅዱስ ቦታ ነው ይላል። ስፍራውን የንግደት ስፍራ የሚያሰኘው የሕንፃው ግርማ ሳይሆን የሚሳለመው ሕዝብ ነው ማለት ነው። ወደ እመቤታችን አጥብቆ የሚጓዘው ደግሞ በአብዛኛው የታመመ፣ የተጨነቀ፣ ያረጀ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 እመቤታችን ቤርናዴት ለተባለች ልጃገረድ በተገለጠችባት በፈረንሳይዋ ሉርድ በሽተኞች በተሽከርካሪ ወንበርና በቃሬዛ ሆነው ከሌላው ሕዝብ ፊት ይሰለፋሉ፤ የሚገፏቸውም ለዚሁ አገልግሎት በፈቃዳቸው የሚመጡ ሰዎች ናቸው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1992 የዓለም የሕሙማን ቀንን ሲያቋቁሙ የመረጡት የሉርድ እመቤታችን የምትታሰብበትን ፌብሩዋሪ 11ን ነው። የሉርድን ሀብት ከእናንተ አንጠብቅም። የምንጠይቀው በሽተኛን የማስቀደም ልማዱን ነው፤ ይህ ደግሞ ገመድ ከማንሳት የበለጠ ወጪ የለውም። የአገራችንም ሕግ ዝም አላለም፤ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱትን ጨምሮ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል።

ሁለተኛው ቅሬታችን ስለ ስንቅ ነው። ባለፈው ዓመት በዓል በማግስቱ ግቢው በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ እንደነበር ሰምተናል፤ ጥፋቱ የእኛ የተሳላሚዎቹ ነው፤ ማፈርም ያለብን እኛው ነን። ይሁን እንጂ ለቆሻሻ መድኃኒቱ ማጽዳት እንጂ ዳቦ መቀማት አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሕግ ራሱ ለበሽተኛ ይራራል፤ ቀኖና 919 ቆራቢ ከቁርባን በፊት ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ከምግብ እንዲከለከል ካዘዘ በኋላ፣ በዕድሜ የገፉና የታመሙ ሰዎች፣ የሚያስታምሟቸውም ጭምር፣ በዚያች ሰዓት ውስጥ አንድ ነገር ቢቀምሱ እንኳ መቁረብ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ቀኖናው ለእናቴ የፈቀደላትን ማስታወቂያው ከለከላት። በግቢው ውስጥ ያለው መሸጫ በዚያው ዕለት ብስኩትና ለስላሳ ሲሸጥ መዋሉን ስናይ ደግሞ ክልከላው በምግብ ላይ ሳይሆን ከቤት በመጣ ምግብ ላይ ብቻ መስሎ ታየን፤ ተሳስተን ከሆነ አስረዱን።

ከቅዳሴ በኋላ ስንቅ ፈትቶ አብሮ መብላት ለእኛ የበዓሉ አንድ ክፍል ነው። ያለው ለሌለው ይቆርሳል፤ ከየም የመጣው ከካፋ ከመጣው ጋር፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ከአማርኛ ተናጋሪው ጋር የሚተዋወቀው እዚያ ነው። ልጆቻችን ሰዎቻችንን ያወቁት በዚያ ሣር ላይ ነው። በኤርትራ ከከረን ከተማ አጠገብ ያለችውን ማርያም ደዓሪትን የተሳለመ ሰው ይህን ያውቃል፤ የእመቤታችን ምስል በባኦባብ ዛፍ ግንድ ውስጥ ተቀምጦ፣ ግንቦት 21 ቀን ሕዝቡ በዙሪያው ሲጸልይ፣ ሲበላና ሲዘምር ይውላል። ልጅ የሚመኙ ሴቶች በዛፉ ጥላ ሥር ቡና ያፈሉ እንደነበርም ይነገራል። እኛም የቡና አገር ሰዎች ነን፤ ረከቦት ዘርግተን ጎረቤት ስንጠራ የእመቤታችን ደጅ አይረክስም።

ሦስተኛው የሕፃናቱ ጉዳይ ነው። ማስታወቂያው "አንድ ወላጅ" ይላል፤ በዳሱ ውስጥ የነበሩት ግን ከሁለት አባቶች በቀር ሁሉም እናቶች ነበሩ። ይህ ነገ ከነገ ወዲያም አይለወጥም፤ ሕፃን ያላት ሴት ሰባት ዓመት ሙሉ በፍልሰታ ቅዳሴ ቤተ ክርስቲያን አትገባም ማለት ነው፤ ተከታታይ ልጆች ካሏት አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት። ዳሱ ያፈስሳል፤ ድምፅ ማጉያው ወደዚያ አልዞረም፤ ቁርባን ይዞ የመጣላቸው ካህን አልነበረም። ባለቤቴ ትንሿን ልጅ በነጠላዋ ሸፍና አንድ ሰዓት ተኩል ቆማ ከአስተናባሪዎቹ ጫጫታ በስተቀር የሰማችው የለም።

እዚህ ላይ የቀደመውን ታሪካችንን እንድታስታውሱ እንለምናለን። ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ አባ ማስያስ እ.ኤ.አ. በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ ቪካር (በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ስም የሚያስተዳድሩ ጳጳስ) ሆነው ተሹመው፣ በ1859 ካፋ ደርሰው፣ በ1861 ከዚያ እንዲወጡ ሲደረግ ከኋላቸው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አልቀረም። የቀሩት የተጠመቁ ሰዎችና ቤቶቻቸው ናቸው። እናቴም ጸሎት የተማረችው ከእናቷ ነው፤ ምድጃ ዳር፣ በካፊኖኖ፣ ታናሽ ወንድሟን አዝላ። በዚህ አካባቢ እምነት ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ዛሬ ያማረ ቤተ ክርስቲያን ስላገኘን እናቶችንና ሕፃናትን ከደጃፉ ብንመልስ ያቆየንን መንገድ እየዘጋነው ነው።

አራተኛው ስለ ስለት ነው። በአሮጌው ጸሎት ቤት በስተቀኝ የነበረችውን ትንሽ ክፍል ሁላችንም እናስታውሳለን። የዳኑ ሰዎች የተዉት ክራንች፣ በእጅ የተጠለፈ መጋረጃ፣ ጃንጥላ፣ የሕፃን ጫማ፣ አክርማ መሶብ ይሰቀልባት ነበር። ልጆቻችን እያንዳንዱን እየጠቆሙ "ይኼ የማን ነው?" ይሉናል፤ እኛም የሰማነውን እንነግራቸዋለን። ክፍሏ አሁን ተቆልፋለች፤ ዕቃዎቹ የት እንዳሉ ብንጠይቅ የሚነግረን አጣን። ከመካከላችን አንድ የቡና ገበሬ፣ ልጁ ታሞ በነበረበት ጊዜ አዲስ የተከለው ቡና ሲያፈራ የመጀመሪያውን ለእመቤታችን ሊሰጥ ተሳለ። ልጁ ዳነ፤ ቡናውም አፈራ። ዘንድሮ አንድ ቁና ጀንፈል በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሮ ቢመጣ፣ ሽጠህ ብሩን በፖስታ አምጣ ተብሎ ተመለሰ። ጀንፈሉ እስከ ዛሬ ቤቱ ተቀምጧል፤ ሊሸጠው አልደፈረም፣ ሊጠጣውም አይችልም። ቀኖና 1234 በሁለተኛው ንዑስ ክፍሉ የሕዝብ ጥበብና መንፈሳዊነት የሚታይባቸው የስለት ስጦታዎች በንግደት ስፍራው ወይም በአቅራቢያው ለእይታ ተቀምጠው በጥንቃቄ እንዲጠበቁ ያዛል። ገንዘብ ለመቁጠር ቀላል እንደሆነ ይገባናል፤ ነገር ግን የተሳለው ሰው ቃል የገባው ለእመቤታችን እንጂ ለሒሳብ ክፍል አይደለም።

ስለ ንስሐ ኑዛዜም በአጭሩ እናመልክት። ያው ቀኖና 1234 በመጀመሪያው ንዑስ ክፍሉ በንግደት ስፍራ ለምእመናን የድኅነት መንገዶች፣ በተለይ ቃለ እግዚአብሔር፣ ቅዱስ ቁርባንና ንስሐ፣ አብዝተው እንዲቀርቡላቸው ይላል። በበዓሉ ዕለት የሚያናዝዙት ሁለት ካህናት ነበሩ፤ ሁለቱም በአማርኛ ብቻ። በካፊኖኖ ወይም በኦሮምኛ ካልሆነ ልባቸውን መናገር የማይችሉ ሽማግሌዎች ተሰልፈው ቆይተው ተመልሰዋል። እኛ ይህን የምንጽፈው በአማርኛ ነው፤ እነሱ መጻፍ ስለማይችሉ እኛ መጻፍ ግዴታችን ሆነ።

ይህ ሁሉ የሆነው በኢዮቤልዩ ዓመት ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 2024 በሮም ቅዱስ በሩን ከፍተው ምእመናንን ሁሉ "የተስፋ ተጓዦች" ብለው ጠርተውናል፤ ጥሪውን በቁምስናችን (በአጥቢያችን) ዓመቱን ሙሉ ስንሰማው ቆይተናል፤ ቤተሰቦቻችንም የዘንድሮውን ጉዞ ያሰቡት ከወትሮው በተለየ ዝግጅት ነበር።

ስለዚህ ከመጪው የገና በዓል በፊት የሚከተሉት እንዲፈጸሙልን በትሕትና እንጠይቃለን። አረጋውያንን፣ ሕሙማንን፣ ነፍሰ ጡሮችንና አካል ጉዳተኞችን የጫነ መኪናም ሆነ ባጃጅ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እንዲደርስ ይፈቀድ፤ ለእንግዳ የሚነሳ ገመድ ለእነሱም ይነሳ። በደጃፉ ላይ መወጣጫ፣ በዳገቱ ላይ ደግሞ የእጅ መደገፊያ ይሠራ። ከመካከላችን ሁለቱ አናጺዎች ናቸው፤ እንጨቱን እኛ አዋጥተን፣ እነሱ ያለ ክፍያ ሊሠሩት ቃል ገብተዋል፤ ከእናንተ የምንፈልገው ፈቃድ ብቻ ነው። የበሽተኛ ምግብ፣ መድኃኒትና በርጩማ ያለ ልመና ይለፍ። ከቅዳሴ በኋላ ስንቅ የሚበላበት ቦታ ይከለልልን፤ በየበዓሉ ማግስት ግቢውን የሚያጸዱ ሰዎች ከየቤተሰቡ በተራ እንመድባለን፣ የስም ዝርዝሩንም አስቀድመን እናስገባለን። ሕፃናት የያዙ ወላጆች በጎን በር አጠገብ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቦታ ይሰጣቸው፤ ይህ እስኪሆን ድረስ ካህን ቁርባን ይዞ ወደ ዳሱና ወደ በሩ ይውጣ። የስለት ክፍሏ ትከፈት፣ ዕቃዎቹም ተመዝግበው ዝርዝራቸው ይለጠፍ። የገበሬው ጀንፈል ተቀባይነት ያግኝ። የሚያናዝዙ ካህናት በየትኛው ቋንቋና በስንት ሰዓት እንደሚቀመጡ ከበዓሉ አስቀድሞ ለየቁምስናው ይነገር። ቀኖና 1232 ለንግደት ስፍራ የሚያዝዘው ደንብ ካለ በሚገባን ቋንቋ ይነበብልን፤ ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲወሰንም ከተሳላሚ ቤተሰቦች ቢያንስ ሁለት ሰዎች፣ አንዷ እናት የሆነች፣ ተጠርተው ይሰሙ።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን፤ ፊት ለፊት ለመነጋገር ከጠራችሁንም በማንኛውም ቀን እንመጣለን።

አንድ ጥያቄ በራሴ ስም እጨምራለሁ። በዚያ ዕለት ስንመለስ የእናቴ በርጩማ ከአጥሩ ሥር አልነበረችም፤ አስተናባሪውም ወደ ዕቃ ቤት ተወስዳለች አለን። አንደኛው እግሯ በሽቦ የታሰረ ስለሆነ ከሌላ ጋር አትምታታም። እናቴ በየማለዳው ትጠይቀኛለች፤ እባካችሁ ፈልጋችሁ መልሱላት።

በእግዚአብሔር ፍቅር፣

አሥራ አራቱን ተሳላሚ ቤተሰቦች በመወከል፣
የቤተሰቦች ማኅበር ጸሐፊ፣ ጅማ